ወባ ስለተባለው የኮራል እንፋሎት

ለተከበሩ አቶ ይግዛው
የሰፈራችን የጤናና የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የተከራየሁበትም ቤት ባለቤት
ኒውላንድ፣ ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩነሽስ ደኅና ናቸው? ከእኛ ቤት ጤና ከራቀ ሰንበት ስላለ፣ ምናልባት በእርስዎ ዘንድ ተርፎ እንደሆነ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ምስጋና ይቅደም። ባሮ አጠገባችን እየፈሰሰ፣ ዓሣው በየገበያው ተደርድሮ እያለ፣ እርስዎ ለሰፈራችን ክብር ሲሉ ከዱባይ ኮራል የሚባል የባሕር ፍጥረት አስመጥተው ሳሎንዎ ውስጥ የጨው ውሃ በሞላበት የመስታወት ገንዳ አኖሩልን። እንደ አበባ የሚከፈትና የሚከደን ሕያው ነገር መሆኑንም ያወቅነው በእርስዎ ነው። ብርቱ መርዝ እንዳለውና በባዶ እጅ እንደማይነካ ሻጩ እንዳስጠነቀቀዎት ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ሲያወሩ ሰምተናል።

አንደኛ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ ኮራሉ ሞቶ ሲሸት፣ ከተጣበቀባቸው ድንጋዮች አንዱን ለማጽዳት ከክፍላችን ጋር በሚዋሰነው ማድቤትዎ በድስት ቀቀሉት። በዚህ ሙቀት ግድግዳን እስከ ጣሪያ የሚያደርስ ሰው ስለሌለ፣ እንፋሎቱ ሳይጋበዝ ተሻግሮ፣ ባለቤቴ ሁዘይፋ ከሱቅ መጥቶ ጋደም ካለበት ገባ።

ሁለተኛ፣ እርስዎ በዚያን ሰዓት ማስክና ጓንት አድርገው እንደነበር ጎረቤታችን ኛኪየር ልብስ ስታሰጣ አይታዎታለች። ለራስዎ እንዲህ መጠንቀቅዎ የሚያስመሰግን ነው። ምነው ታዲያ፣ እንደ ጤና ኮሚቴ ሰብሳቢነትዎ፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ቢያንኳኩልን?

ሦስተኛ፣ ሁዘይፋን ሲያንቀጠቅጠውና ሲያተኩሰው ከሁሉ ቀድመው ወባ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። ጋምቤላ ውስጥ ይህን ማን ይጠራጠራል? እኔ ሞኟም አምኜ የወባ ክኒን አስዋጥኩት፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ደሙ ቢመረመር ወባ የሚባል የለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኸው ነው። ትንኝ አፍ የላትም እንጂ በስም ማጥፋት ትከስዎት ነበር።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም። ወላሂ፣ አቶ ይግዛው፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ሰውዬው በኦክስጅን ነው የሚተነፍሰው። ኮራል ነው ብዬ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፤ አንዳንዱ ኮራል ሲቀቀል መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር እንደሚወጣ ያውቃል፤ ነገር ግን ምን ዓይነት እንደሆነና እንዴት እንደተቀቀለ ከእርስዎ መስማት ይፈልጋል። ደጋግሜ ደጅዎን ብጠና የጌጥ ድንጋይ ነው ብለው መለሱኝ፤ ወሬው ከወጣ ተከራይ ይሸሻል ማለትዎንም ሰማሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእኛን በሽታ ግን የደበቁብን እርስዎ ነዎት። ስለ ፈጣሪ ብለው፣ ሆስፒታል ሄደው እውነቱን ይናገሩ፤ የቀረውንም ድንጋይ እሳት ላይ እንዳይጥዱት። እግርዎ ላይ ውደቂ ካሉኝም እወድቃለሁ፤ ብቻ ባሌን አይግደሉብኝ።

ለሰጡን ቤትና አብሮት ለመጣው አየር ከልብ እያመሰገንኩ፣ ኪራዩን ሳታጓድል የምትከፍለው፣ የእንፋሎትዎ ተቋዳሽ፣
ሪድዋና

ማስታወሻ፦ ይህን በግቢው በር ላይ ልለጥፍ ስመጣ ወይዘሮ ጥሩነሽን እየተንቀጠቀጡ አገኘኋቸው፤ ዛሬ ጠዋት የቀረውን ድንጋይ እርሳቸው ጥደውት ኖሯል። የወባ ክኒን ስጪኝ አሉኝ፤ አልሰጠኋቸውም፤ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ልኬያቸዋለሁ። ኮራሉ ምን ዓይነት እንደሆነ እርሳቸውም አያውቁም፤ ስለዚህ ሮጠው ይድረሱላቸው።