አስራ አንዱን ማን ይጨምርልሻል?

ይድረስ ከልጅነቴ ጀምሮ ከፊት ከፊቴ እየሄድሽ እሾህ ስትለቅሚልኝ ለኖርሽው ለታላቅ እህቴ ለዘርፉ፤ ባለሽበት በሰው አገር፣ በማናማ።

እታለም፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? አካም ጅርታ ኦቦሌቲ ኮ፣ ደህና ነሽ ወይ እህቴ? ጤናሽስ? ያ ክፉ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ደረጃ በወጣሽ ቁጥር አሁንም ያንገላታሻል? ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ ደህና ናቸው? ሌሊት እየቀሰቀሱሽ እንቅልፍ ያሳጡሽ ነበር፣ ትንሽ ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አዳማም ደህና ናት። ክረምቱ ገብቶ አቧራው ተኝቷል፤ በምትኩ የሰፈራችን መንገድ ጭቃ ሆኖ ባጃጆቹ አስፋልቱ ዳር አራግፈውን ይመለሳሉ።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ልንገርሽ ብል፣ ወይ ኔትወርኩ ይቋረጣል ወይ ከሁለት አንዳችን እናለቅሳለን፤ ይህ ጉዳይ ደግሞ ቁጭ ብለው ደጋግመው የሚያነቡት ነው። የጎረቤታችን ልጅ ጂቱ ከእረፍቷ ወደዚያ ስለምትመለስ በእጇ ይደርስሻል። ከምልክልሽ በርበሬ ጋር ነው ያሰርኩት፤ እያስነጠሰሽ ብታነቢ እንዳትቀየሚኝ።

ነገሩ በግንቦት መጨረሻ የላክሽልኝ የድምፅ መልእክት ነው። አሰሪዎችሽ ውሉን ለሌላ ሁለት ዓመት ታድሺ እንደሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ እንድትሰጪያቸው መጠየቃቸውን ነገርሽኝ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ አገርሽ ገብተሽ ለማንም ሸክም ሳትሆኚ ለማርጀት ስንት ብር እንደሚበቃሽ እንዳጣራልሽ ለመንሽኝ። ታውቂኛለሽ መቼም፣ አንድ ጥያቄ ከገባብኝ ሳልነቅለው አላርፍም። አባባ ነፍሱን ይማረውና፣ ለኤቢሴ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ደመወዝ ሊቆረጥለት ይገባል ይል አልነበር? እኔም መልሱ አንድ ቁጥር መስሎኝ፣ የስፌት ቤቴን እየዘጋሁ ሰው ሁሉ ዘንድ እየዞርኩ ጠየቅሁ።

የጀመርኩት ከቤቴ ነው። ባለቤቴ ገመቹ ከዱቄት ፋብሪካው ደመወዙን በተቀበለ ቁጥር የጡረታ መዋጮውን እያሰበ ቆረጡብኝ ሳይል እራት በልቶ አያውቅም። ታዲያ የተቆረጠው የት እንደሚሄድ፣ ሲያረጅስ ምን ሆኖ እንደሚመለስለት ብጠይቀው እኔ ምን አውቃለሁ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሲያማርር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም! ገፋፍቼው የሰው ኃይል ክፍል ሄዶ ጠየቀ። ለካስ ከእሱ ሰባት ከመቶ ሲቆረጥ አሰሪው ደግሞ ከራሱ አስራ አንድ ከመቶ ይጨምርለታል። በስልሳ ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ በአገልግሎቱና በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዙ ተሰልቶ በየወሩ ይከፈለዋል፤ የሚያገኘው ግን ከደመወዙ ከፊሉን ነው፣ ሙሉውን አይደለም። ስለዚህ የገመቹ ጉዳይ ከባዶ መጀመር ሳይሆን የሚጎድለውን መሙላት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ሲቀበል ጨመሩልኝ እያለ ነው የሚገባው። ደመወዙ ያው ነው፣ ፊቱ ግን ፈክቷል። እኔን ግን ያ አስራ አንድ ከመቶ ከነከነኝ። ለእኔ ቢጤ ለልብስ ሰፊና ለአንቺ ቢጤ ለሰው አገር ሠራተኛ ማን ነው የሚጨምርልን?

ቀጥዬ ደራ ወርጄ የአጎታችንን ልጅ ሆራን ጠየቅሁት። ማሳውን ለጤፍ ሲያለሰልስ ደረስኩ። በወር ስንት ታስቀምጣለህ ብዬ ብጠይቀው በሬዎቹን አቁሞ ሳቀብኝ። ወር የሚባለው የደመወዝተኛ ነው፣ የእኔ ዓመት ሁለት ወቅት ብቻ ነው ያለው፣ እህል የምሸጥበትና እህል የምገዛበት ሲል መለሰልኝ። እሱ የሚያስቀምጠው ምርት ሲገባ ብቻ ነው። ድሮ ሁሉንም በጥጃ ነበር የሚያኖረው፤ በድርቁ ዓመት ከብቶቹ ካለቁበት በኋላ ግን ግማሹን ቁጠባ ማኅበር ያስገባል። በክፉ ዓመት ምንም ባያስቀምጥም አያፍርም፣ በደጉ ዓመት ይክሰዋል። ልጆችህስ ጡረታህ አይደሉም ወይ አልኩት። እነሱንማ ቆጥሬ ነበር፣ አሁን አዲስ አበባ ሆነው የቤት ኪራይ ሙላልን ይሉኛል፣ ጡረታዬ ከእኔ ጡረታ ይጠይቃል አለና ሞፈሩን ጨበጠ።

ስመለስ መልካሳ ወርጄ የአባባን ወዳጅ ጋሽ ዳዊን አየኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በምርምር ማዕከሉ የቦሎቄ ማሳ ላይ ሠርተው አሁን የመንግሥት ጡረታ ይቀበላሉ። እሳቸው ደህና ይሆናሉ ብዬ ነበር የሄድኩት። ወጣት ሳሉ ይህን ያህል ካለኝ ይበቃኛል ብለው አንድ ቁጥር ልባቸው ላይ ጻፉ፤ ደረሱበትም። ቁጥሩ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ገበያው ግን ጥሎኝ ሄደ አሉኝ። አሁን የሚደጉማቸው በጓሯቸው የሚያፈሉት የማንጎ ችግኝ ነው። ምክራቸው፣ የቁጠባን ግብ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከገበያው ጋር ማስተያየት ነው። አራት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ቤት ካልሠራሁ አልመለስም ስትዪ የኖርሽው ትዝ አለኝ። ሲሚንቶው በጨመረ ቁጥር ውል ስታድሺ ይኸው ሁለት ጊዜ ሆነ። አዳማ ውስጥ ጡረታ ሲሉት ሁሉም ሰው የሚታየው ተከራይ ነው፤ አንቺም የአዳማ ልጅ ነሽና አልፈርድብሽም።

በርበሬ የምትሸጠዋን ሑስናን ታስታውሻታለሽ፣ ከእኛ ሱቅ ፊት ለፊት ያለችውን። የእሷ ገቢ የቀን ነው፣ አንድ ቀን ሞልቶ ሦስት ቀን ይጎድላል። እሷ የምታስቀምጠው የማለዳውን የመጀመሪያ ሽያጭ ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ሩብ ኪሎ ከገዛ የሩብ ኪሎ፣ አምስት ኪሎ ከገዛ የአምስት ኪሎ ትርፉን ለብቻው ታኖራለች፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ባንክ ታስገባለች። ቁጥር አትመርጥም፣ ቀኑ ራሱ ይመርጥላታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትለኝ እኔም ቀናሁና ጀመርኩ። እስካሁን የመጀመሪያ ደንበኞቼ ዚፕ የሚያስቀይሩ ብቻ ሆነው አናደዱኝ እንጂ፣ ነሐሴ ላይ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሲመጣ ትርፍ ያሳዩኛል።

አሁን የእድሩን ጉድ ልንገርሽ። የአንቺን መዋጮ አንድም ወር ሳላጓድል እንደምከፍል ታውቂያለሽ። አምና በስልክ ስናወራ፣ ለኋላዬማ እድር አለኝ ብለሽ አጽናንተሽኝ ነበር፤ እኔም አዎ ብዬ ዘጋሁት። በሰኔው ስብሰባ ላይ ግን ተነሥቼ ሰብሳቢያችንን አቶ ኤባን፣ እድራችን ላልሞተ ሰው ምን አዘጋጅቷል ብዬ ጠየቅኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ሟርተኛ አሉኝ። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ድስቱ አለ፣ ለሐዘንተኛው የሚሰጠውም አለ፤ ሰባ ዓመት ሞልቶት ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን ምንም የለም። ሑስና ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ እኔማ ከሞትኩ ባለጸጋ ነኝ፣ ችግሩ ከኖርኩ ነው አለች። ያኔ ሳቁ ቀዘቀዘ። አቶ ኤባም ነገሩን ለመስከረም ስብሰባ እንዲያዝ አደረጉ። እንግዲህ እታለም፣ አንቺና እኔ ለቀብራችን በደንብ ቆጥበናል፤ ያልቆጠብነው ከዚያ በፊት ላለው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ዘዴ የመጣልኝ። ሰው ሲያረጅ በወር ምን እንደሚፈጅ ለማወቅ ያረጀ ሰው ማየት ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? እማዬ አለችልኝ አይደል፣ አንድ ወር ሙሉ ሰለልኳት። የምትበላው እንደ ወፍ ነው። ልብስ አትገዛም። የግፊት መድኃኒቷ አለ፣ በእግሯ መሄድ ስለተሳናት የባጃጅ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ሰው ጥየቃ ነው! ለቅሶ አሰላ፣ ክርስትና መልካሳ፣ ወላድ ጥየቃ ፍራንኮ፤ ባዶ እጇን ደግሞ አትሄድም። እርጅና በሆድ ሳይሆን በመንገድ ያልቃል። ይህን ሁሉ ደምሬ ሳየው፣ አንቺ ከምትፈሪው በጣም ያነሰ ነው። ቁጥሩን ለብቻው በትንሽ ወረቀት ጽፌ አጥፌልሻለሁ፤ ለራስሽ ስትቆጥሪው ለጉልበትሽ ሕክምና ጨምሪበት፣ በየመስከረሙም አስተካክዪው።

እዚህ ላይ ደብዳቤው ባለቀ ነበር። ግን ማታ እማዬን መድኃኒቷን እየሰጠኋት፣ ሁሉንም ጠይቄ አንቺን ሳልጠይቅ፣ አንቺ ለእርጅናሽ ምን አስቀምጠሽ ነበር አልኳት። ምንም ሳታስብ፣ እኔማ ጡረተኛ ነኝ፣ ወር በገባ ቁጥር አይቀርብኝም፣ ዘርፉ ትባላለች አለችኝ። ስቄ ወጣሁ። ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ፣ ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ዘርፉዬ፣ የእማዬ ጡረታ አንቺ ከሆንሽ የአንቺ ጡረታ ማን ነው? ልጅ አልወለድሽም፣ ውልሽ ላይ የጡረታ መዋጮ የሚባል የለም። ካገኘሽው ላይ መጀመሪያ የእማዬን ትልኪያለሽ፣ ከዚያ ለቤቱ ታኖሪያለሽ፣ ለራስሽ የሚቀረው ያ የሚያምሽ ጉልበት ነው። በልብሽ ይዘሽው የኖርሽውን እኔ ዞሬ ዞሬ አሁን ደረስኩበት፣ አዘንኩም።

ስለዚህ ከገመቹና ከሆራ ጋር መክረን የወሰንነውን ስሚ። ገመቹ ሰባቱን ሲያስቀምጥ አስራ አንዱን የሚጨምርለት አለ። የአንቺን አስራ አንድ እኛ እንሁንልሽ። ከመስከረም ጀምሮ የእማዬ መድኃኒትና ባጃጅ በእኔና በገመቹ ነው፤ ጤፏንና በቆሎዋን ሆራ ከደራ ይልካል። ሰው ጥየቃውን ግን ወዲያው አንችለውም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እሱን እስከ ጥር አንቺ ትልኪያለሽ፣ ከጥር በኋላ እንከፋፈለዋለን። የተረፈሽን አትላኪልን፤ በስምሽ በባንክ አኑሪው። የአራት ክፍሉን ነገር እርሺውና በግቢያችን ከእማዬ ክፍል ጎን አንድ ክፍል፣ በሩ ሰፊ፣ ደረጃ የሌለው፣ እንሠራለን። ከተመለስሽም እጅ አጣጥፈሽ አትቀመጪም፤ በዩኒፎርም ጊዜ ቁልፍ የሚተክልልኝ ሰው ሁሌም ይጠፋል፣ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ነው፣ እከፍልሻለሁም። ውሉን ለሁለት ዓመት ሳይሆን ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂያቸው። እምቢ ካሉሽ ምን እንደምታደርጊ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን እንዳትፈርሚ ነው የምመኘው።

ሸክም አልሆንም አትበዪኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ስትሸከሚን እኛ ሸክም ነን ብለን አንድ ቀን እንቅልፍ አጥተን አናውቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ? እስካሁን ሎሚውን ሁሉ አንቺ ብቻ ይዘሽው ነው።

ገመቹ፣ ዘርፉን ስለ አስራ አንዱ አታስቢ በያት ብሎ አጥብቆ ሰላም ይልሻል። ልጄ ኢፍቱ ስምንተኛ ክፍልን አልፋለች፤ ማርኳን ራሷ በስልክ እስክትነግርሽ ድረስ እንዳልጽፍ አስምላኛለች፣ በጣም ትስምሻለች። ሆራ ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሻል፤ ነጭ ጤፍ ላንቺ የሚዘራበት መደብ እንዳለው ንገሪያት ብሏል። ጋሽ ዳዊ ለአዲሱ ክፍልሽ ደጃፍ አንድ የማንጎ ችግኝ ለይተው አስቀምጠውልሻል። ሑስናም ሰላም ብላለች፣ በርበሬው የእሷ ስጦታ ነው።

ለእማዬ ይህን ደብዳቤ አነበብኩላት። መሃሉ ላይ ስለ ሰው ጥየቃው ሳቀችብኝ፣ መጨረሻው ላይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ አንድ ነገር ጨምሪልኝ አለች፣ እንዳለችው እጽፋለሁ፦ ጡረታዬ እስከዛሬ በባንክ ስትገባልኝ ኖራለች፣ አሁን ግን በእግሯ ትግባ፣ እግሯ ሳይከዳት።

ታናሽ እህትሽ ኤቢሴ
አዳማ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.