ሄልፕ ካልኩ አትምጡ

ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2000

ጩኸቴ አያስፈራም ተባልኩ። አራት ጊዜ ጮኽኩ፣ አራቴም ታምሩ «ከት!» አለ። ጭራቅ ሊበላሽ ነው እንጂ ድስት አላረረብሽም ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ አዝዬ ያሳደግኩት። አሁን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ደግሞ ዳይሬክተር ሆነብኝ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ጀልባቸው የተሰበረባቸው ቱሪስቶች ሰው በሌለበት ደሴት ይቀራሉ። ጭራቁ አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። ቢጮኹ የሚደርስላቸው የለም። የመጨረሻዋ ቱሪስት እኔ ነኝ። ለዚህ ስል የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ዞኑ ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ ብተይብ ይሻለኝ ነበር።

ደሴታችን ከቦንጋ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ጫካ ነው። ባሕራችን ወንዝ ነው፣ ጉልበት አይደርስም። ኑረዲን ካሜራውን መሬት አስጠግቶ ሲያነሳው ግን ዳርቻ የሌለው ይመስላል። ኑረዲን የሠርግ ካሜራማን ነው፤ እሁድ ሠርግ አለበት፣ ከዚያም እስከ ጾም ድረስ ሠርግ በሠርግ ነው። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ካላለቀ ፊልማችን ቀረ ማለት ነው።

ጭራቁ ብርሃኑ ነው፣ የቢሯችን ሾፌር። ከራሱ እስከ እግሩ የእንሰት ቃጫ አልብሰነዋል። እኔ ቢጫ ዊግ አድርጌ ብቅ ስል የደነገጠው ግን እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጉድ ፈላ።

ዛሬስ አሳያቸዋለሁ ብዬ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» ስል ለቀቅኩት። ታምሩ ገና «ከት» ሳይል ጫካው በሰው ተሞላ። ገጀራ የያዘ፣ ዱላ የያዘ፤ አንዲት እናት እንሰት የሚፍቁበትን እንደያዙ ነው የመጡት። ሁሉም ወደ ብርሃኑ። ብርሃኑ ቃጫውን እየገፈፈ በአገሩ ቋንቋ በካፍኖኖ የራሱን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም ጠራ። ያተረፈው አባቱን የሚያውቅ ሰው መገኘቱ ነው።

ሰውየው ጋሽ አደሎ ይባላሉ፣ በየዛፉ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ። ይቆጡናል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። አስቀምጠው አስረዱን እንጂ፦ የሰው ያለህ ከተባለ በዚህ አገር ሥራ ይጣላል፣ ሕፃን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ይሮጣል። ስለዚህ አትቀልዱበት አሉን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መላ የመጣለት ለታምሩ ነው። ቱሪስቶቹ ፈረንጆች አይደሉ? በእንግሊዝኛ ይጩሁ። «ሄልፕ» ከተባለ ፊልም ነው፣ ማንም እንዳይመጣ። «የሰው ያለህ» ከተባለ እውነት ነው። ሁሉም ተስማማ። ጋሽ አደሎ ቃሉን ደጋግመው ለማጥናት ሞከሩ፣ «ሄልፒ» ወጣላቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ደህና ቀን። ዝናብ የለም። ዊጌ ወንዝ ገባ፣ ብርሃኑ አወጣው። የጀልባዋ ካፒቴን ሞተ፤ የሚጫወተው ልጅም እንደ ሌሎቹ ተዋንያን ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀረን ራሱም ቱሪስት ሆኖ የሚጫወተው የታምሩ መበላትና የእኔ የመጨረሻ ጩኸት ብቻ ነው።

የፊልሙን ደም ከቀይ ቀለምና ከማር ለወስነው፣ ሲያዩት ሰውነት ይሰቀጥጣል። ጋሽ አደሎ በዚያ ሲያልፉ ቀመሱትና፣ ማር ተቀብታችሁ ጫካ አትተኙ፣ ንብ የራሱን ያውቃል አሉ። ታምሩ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

«ሄልፕ» አፌ ላይ ተጣብቋል። ማታ ልምምድ፣ ጠዋት ልምምድ። ገበያ ላይ ሽንኩርቴ ቢበተንብኝ «ሄልፕ!» አልኩ። ሻጯ አማትባ ለቀመችልኝ።

ዓርብ፣ ጥር 16

ሆስፒታል ነኝ። ካልጻፍኩ አይወጣልኝም።

ታምሩ በማር ደም ተጨማልቆ ተኝቶ ነበር። ንቦቹ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው መጡ፣ በእጁ አባረራቸው። ከዚያ ግልብጥ ብለው መጡ። ሲሮጥ ወንዙ ዳር ካለው ገደል አፋፍ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ድንጋይ ላይ ወደቀ። እግሩ ተጣመመ። ራሱን ስቷል፣ ፊቱ ውሃ ውስጥ ነው። ኑረዲንና ብርሃኑ እየተነደፉ ወርደው ከውሃው አወጡት። ሽቅብ ማውጣት ግን ለሁለት ሰው የሚሞከር አይደለም። ሞባይሉ ኔትወርክ የለውም።

ጮኽኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

«አስካለ፣ ቃሉ! ቃሉን ለውጪው!» አለኝ ብርሃኑ ከታች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ሄልፕ! ሄልፕ!» እያልኩ ነበር። ወንድሜ እየሞተ እኔ አትምጡ እላለሁ። «የሰው ያለህ» ልበል ብዬ አፌን ብከፍት ድምፄ ተዘግቷል፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ማርያምን በልቤ ጠራኋት።

ብዙም አልቆየ፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ አደሎ ፊት ፊት፣ ከኋላቸው ያ ሁሉ የረቡዕ ሰው። ዛሬ ግን ገጀራ ብቻ አልያዙም። የእድሩን ቃሬዛ ይዘው ነው የመጡት። ጋሽ አደሎ ጭስ አጭሰው ንቡን መለሱት። ወጣቶቹ ወርደው ታምሩን አወጡት፣ እየተቀባበሉ ቦንጋ ድረስ ተሸከሙት። መንገዱን ሁሉ ስለ ፊልም የጠየቀ ሰው የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ተመስገን። አንድ አጥንት ነው የተሰበረው፣ በጄሶ ታሰረለት። ሐኪሙ ይድናል ብሎኛል። ፊቱ ዳቦ አክሏል፣ ዓይኑ አይታይም፣ አፉ ግን እንደ ልማዱ ይሠራል። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ካሜራው ነው። ልመታው ምንም አልቀረኝም፤ ከዚያ ግንባሩን ስሜ አለቀስኩ።

ጋሽ አደሎ ሊጠይቁት መጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኳቸው። «ሄልፕ አልነበር ያልኩት? ለምን መጡ?»

«ረቡዕ ቃሉን ሰምተን መጣን። ትናንት ቃሉን ማን ሰማው ልጄ? አንቺን ነው የሰማንሽ» አሉኝ።

ደግሞ ጨመሩ። «ፊልም ቢሆንስ ምን ይጎዳናል? ተመልሰን እንሄዳለን።»

አመሰግናለሁ ልል ስል እንባ ቀደመኝ። እሳቸው ተነስተው የታምሩን አልጋ ልብስ አስተካከሉ።

እሁድ፣ ጥር 18

ኑረዲን በእብጠቱ ላይ ሱፍ ለብሶ ሠርጉ ሄደ። ሙሽሮቹ እንዳይደነግጡ እንጂ። ከመሄዱ በፊት ካሴቱን አሰማን። ታምሩን ሊረዳ ሲሮጥ ካሜራውን ሳያጠፋ ጥሎት ኖሯል፤ ቅጠል ብቻ ይታያል፣ የእኔ ጩኸት ግን አንድም ሳይቀር ገብቷል። ክፍሉ ውስጥ ያሉ አስታማሚዎች ሁሉ ዘወር አሉ።

ታምሩ ከአልጋው ሊነሳ ምንም አልቀረውም። «በመጨረሻ ጮኸች፣ ይኼ ፊልሙ ውስጥ ይግባ» አለ። አይሆንም አልኩ። ለመነኝ። ከዚያ እሺ አልኩት፣ በአንድ ነገር ግን።

ስክሪፕቱን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ መጨረሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ትጮኻለች። ማንም አይመጣም።» ስክሪብቶ አውጥቼ ሁለተኛውን ሰረዝኩና ከጎኑ «ይመጣሉ» ብዬ ጻፍኩበት። ኑረዲን ማክሰኞን ትርፍ ቀን ሰጥቶናል፣ ቃሉን ከጠበቀ። ለጋሽ አደሎ ሰው ልኬ ነበር፤ ገጀራ ነው ወይስ ቃሬዛ ይዘን የምንመጣው ብለው መልሰው ላኩብኝ።

ታምሩ ወረቀቱን ባበጠ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው።

«እንዲህማ ከሆነ አያስፈራም» አለኝ።

አያስፍራ።