ኮምፒውተር ወይስ ኮንሶል፦ በ«ህ» አሸንፌ በ«ሽ» ስለተሸነፍኩበት ክርክር

ለተከበሩ ኦቦ ጋሮማ
የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ጌመሮች ማኅበር ሰብሳቢ፣ የቴሌግራም ግሩፓችን አድሚንና የክርክራችን ዳኛ
ቡራዩ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጌም ቤትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ የአንደበትዎ ጤና ያሳስበኛል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለክርክሩ ስመጣ የአዳራሹ ዘበኛ «ትንሳኤ ከሰበታ መጥቷል» ብሎ ሲነግርዎ፣ እጅዎን ዘርግተው «ወንድሜ ትንሳኤ፣ እንዴት ነ...» እያሉ ከአዳራሹ ወጡ፤ ኮምፒውተሬን አቅፌ ቆሜ ሲያዩኝ ግን የመጨረሻዋ ፊደል ጉሮሮዎ ላይ ቀረች። «ህ» ልትሆን የመጣችው ፊደል ብዙ ተቸግራ፣ ዘግይታ፣ «ሽ» ሆና ወጣች። እስካሁን ሳያምዎ አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ፤ እኔን አሞኛልና።

ይህ ደብዳቤ በአደባባይ የተጻፈ ስለሆነ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ለማያውቁት ላስረዳ። በማኅበራችን ግሩፕ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለጌም ኮምፒውተር ይሻላል ወይስ እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ኮንሶል» እየተባባልን ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እኔ ከሰበታ አዲስ አበባ ለሥራ ስመላለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስለምጽፍ የድምፅ መልእክት ልኬ አላውቅም፤ ፕሮፋይሌም ላይ ያለው የግራፊክስ ካርዴ ፎቶ ነው። «ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ጫንኩ» እያልኩ ጻፍኩ፤ እነዚህ ግሶች ደግሞ ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ለማንም አይነግሩም። ትንሳኤ የሚባል ወንድ አለ፤ ትንሳኤ የምትባል ሴትም አለች። እኔ አልደበቅኩም፤ እርስዎም አልጠየቁም። አንድ ቀን «ወንድማችን ትንሳኤ» አሉኝ፤ እኔም ለአንዲት ቃል ብዬ የሞቀ ጨዋታ አላቋርጥም ብዬ አለፍኩት።

ማኅበራችን በሰበታ የወጣቶች ክፍል ሊከፍት ሲነሳ፣ ክፍሉ በኮምፒውተር ይሞላ ወይስ በፕሌይስቴሽን የሚለው በክርክር እንዲወሰን ያዘዙት እርስዎ ነዎት። «ኮምፒውተርን የሚወክለው ትንሳኤ ነው፤ ካሸነፈ ክፍሉን እሱ ይመራዋል» ብለው የጻፉት ቃል ግሩፑ አናት ላይ ተሰቅሎ ነበር። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬ የሰው ፋይል ስደረድር የምውል ነኝ፤ በማውቀው ነገር የተፈለግኩበት የመጀመሪያው ቦታ ያ ክፍል ነበርና ቃልዎን አመንኩ። ላመሰግንዎና ልወቅስዎ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስላደረጉልኝ ነገሮች ነው።

አንደኛ፣ ስለ ባጁ። «ተከራካሪ ትንሳኤ» ተብሎ የተዘጋጀልኝን ባጅ በግሩፑ ውስጥ አውራ ጣት ከመላክ በቀር አንድም ቃል ጽፎ በማያውቀው በዳዊት አንገት ላይ በገዛ እጅዎ አጠለቁት፤ ስሜ እንዳይታይም ገለበጡት። እኔን ደግሞ ወደ ጥግ ወስደው «ለአንቺው አስቤ ነው እህቴ፤ መድረክ ላይ ልጆቹ ይቀልዱብሻል» አሉኝ። ስለ አሳቢነትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቀልዱብኝ ግን እርስዎ አንድም ቀን አላሰቡልኝም፤ ያኔ ወንድ ስለነበርኩ ቀልድ የሚያሳምመኝ አይመስልዎትም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሃው። ባዶ እጄን እንዳልቀር ተጨንቀው የታሸገ ውሃ የተደረደረበት ትሪ አስያዙኝና እንግዶቹን እንዳስተናግድ ጠየቁኝ። ከሰበታ ቡራዩ ድረስ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያመጣሁት ኮምፒውተር መድረክ ላይ ወጣ፤ እኔ ከመድረኩ በታች ቀረሁ። ማሽኑን በሚገባ ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልተወው አልችልም፤ ከሁሉም የከፋኝ እሱ ነውና። ዳዊት ስልኩን አውጥቶ ለክርክሩ ስዘጋጅ በየቀኑ ለእርስዎ በግል የላክሁልዎትን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበው። እርስዎን አምኜ የላክሁት ነበር። ኮንሶል አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ላለው ቤተሰብ የተመቸ መሆኑን፣ ቁልፉ ሲነካ እንደሚነሳና ድራይቨር የሚሉትን ፕሮግራም ፍለጋ እንደማያንከራትት ሳልሰስት ያመንኩበትን ቦታ አነበበ። ነገር ግን ለወጣቶች በሚከፈት ክፍል ውስጥ ዛሬ ኳስ የተጫወቱበት ማሽን ነገ የቤት ፕላን የሚነድፉበት መሆን እንዳለበት፣ ራም ሲያንስ ራም እንደሚጨመር፣ የግራፊክስ ካርዱ ሲያረጅ ካርዱ ብቻ እንደሚቀየር፣ ዊንዶውስ ለጌሙ፣ ሊኑክስ ለትምህርቱ ጎን ለጎን ቢጫን ልጆቹ የሚጫወቱበትን ነገር ሆዱን ከፍተው እንደሚያዩ የጻፍኩትንም አነበበ። እዚህ ላይ ሲደርስ፣ መብራቱ ቦግ ብሎ በበራበት አዳራሽ መሐል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይቅርታ፣ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ እቀጥላለሁ» ብሎ አነበበና ቀጠለ። ሰው ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እርስዎ ብቻ ቀና አላሉም፤ ያ መልእክት ለማን እንደተላከ ያውቃሉና።

ውጤቱን እርስዎ ራስዎ አወጁ፤ ኮምፒውተር አሸነፈ። ጭብጨባው ሲቀልጥ ትሪውን ይዤ ነበርና ማጨብጨብ እንኳ አልቻልኩም። የክፍሉን ቁልፍ ለዳዊት ሰጡት። እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ ያለውን ክፍል፣ በእኔ ቃል የተገኘውን ክፍል።

በዚያ ቀን ያከበረኝ ሰው ቢኖር ተቃዋሚዬ ነበር። ኮንሶልን ወክሎ የተሸነፈው የሱሉልታው ዲሪርሳ ከመድረክ ወርዶ በቀጥታ ወደ እኔ መጣና «አንቺ የኮምፒውተር ፋን ጫጫታ አምላኪ፣ ውሃ ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪና እዚያው ላይ ልጨርስሽ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰድበኝ የኖረው በዚሁ ቃል ነው። የለወጠው «አንተ»ን ወደ «አንቺ» ብቻ ነው፤ ከስድቡ አንዲት ቃል አልቀነሰልኝም። ከእርስዎ አሳቢነት ይልቅ የእሱ ስድብ አጽናንቶኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ሳሰላስል ነበር። እኔና እርስዎ በግሩፑ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን ነው የምንጽፈው። ያን ዕለት በሩ ላይ እንደ ልማድዎ «አካም ጅርታ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሰላምታው ሙሉ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ በኦሮምኛ ደህንነቱን የሚጠየቅ ሰው አስቀድሞ ወንድ ወይስ ሴት ተብሎ አይመረመርም። በአማርኛም ቢሆን መንገድ አልጠፋም። በዚህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ያልኩዎት ስለማከብርዎ ብቻ እንዳይመስልዎ። ይህ ቃል ከፊቱ የቆመውን ሰው ወንድነትም ሴትነትም አይጠይቅም። ለእኔ ያልተቻለዎትን ክብር ለእርስዎ መስጠት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ላሳይዎ ብዬ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ይወቁልኝ። ለጭንቅላቴ «አንተ»፣ ለእጄ «አንቺ» መባልን ከእንግዲህ አልቀበልም። የጻፍኩት በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ከታች ቆሜ ውሃ ማደልን አልቀበልም። ለእኔ ታስቦ የሚወሰድብኝን ወንበር እንደ ስጦታ ቆጥሬ ማመስገንን አልቀበልም። የክፍሉ ቁልፍ በእጄ እስኪገባ ድረስም በእርስዎ አፍ «እህታችን ትንሳኤ» መባልን አልቀበልም።

ቃልዎን እስከ አዳራሹ በር ድረስ በታማኝነት ላደረሱት ለእርስዎ ከሚገባዎ አክብሮት ጋር፣

ትንሳኤ ተክሉ
የቀድሞው ወንድምዎ
ሰበታ

ማስታወሻ፦ ትናንት ዳዊት በግል ጻፈልኝ። «እህቴ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉም ይነሳሉ፣ ፋናቸውም ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የክፍሉ ምርቃት ቀን ደግሞ ደርሷል፤ ኦቦ ጋሮማ አንቺን እንድጠይቅ ነግረውኝ ነው» ይላል። ገመዶቹን የት የት እንደሰካቸው የሚያሳይ ፎቶም ልኮልኛል። ፎቶውን እንዳየሁ ስህተቱ ገብቶኛል፤ ለማረምም ቀላል ነው። የስክሪኑን ገመድ አሁን ካለበት ነቅሎ... ይቅርታ፣ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ እቀጥላለሁ።