እማማ ዘነበች የጠረጉልኝ ክፍል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፣ ጎባ

ዛሬ የአሮጌውን ትምህርት ቤት ጣሪያ ልመረምር ሄድኩ። አስቤስቶስ ነው። ተሰባብሮ ይረግፋል፣ ብናኙ ደግሞ ለሳንባ ጠላት ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋ ለእማማ ዘነበች ትናንት ደውዬ፣ «እስክመጣ ምንም እንዳይነኩ» ብያቸው ነበር።

እሳቸው ግን እንግዳ ይመጣል ብለው ክፍሉን በደረቁ ጠርገው ጠበቁኝ። አቧራው ገና አየር ላይ ነበር።

«እማማ፣ አይንኩ ብዬዎት ነበር እኮ!»

«ጣሪያውን መች ነካሁት? ወለሉን ነው እንጂ። ልጄን ቆሻሻ ላይ ላቁመው?»

መቆጣት አቃተኝ። እጃቸውን ይዤ አወጣኋቸውና በሩን ዘጋሁ። ደጅ ቆመን የብናኙን ነገር አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ አዩ።

«ገብቶኛል፣ የኔ ልጅ» አሉና ጋቢያቸውን አወረዱ። አቧራው እንዳይነካኝ ብለው እፊቴ ደህና አድርገው አራገፉትና ደረቡልኝ።