ካሴት ከንፈር የለውም

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ሁለት ሸሚዝና ያ የነተበ ፎጣ። ልጄ ደወለች። የስልኩ መስመር ዛሬም ተበላሽቷል፣ ውስጡ ውሃ የገባ ይመስላል። ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ፣ አዎ፣ አዎ... ብዬ ዘጋሁት። ምን እንደጠየቀችኝ እንጃ።

ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ነው። ይሁን። ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት፣ ከፋብሪካ መልስ እያንቀላፋሁ ነው። የማንንም እርማት አልፈልግም።

ከሰዓት ካሴቱን ከፈትኩ። የዝናቡን ኮንሰርት። ከበሮው እንዳለ ነው። ወፍራሙ ጊታርም እንዳለ ነው። ሚስቴ የምታወራበት ቦታ ሲደርስ ግን... ራቀችብኝ። በር ዘግታ ከወዲያኛው ክፍል የምታወራ መሰለኝ። ድምፁን ጨመርኩ። ከበሮው ጨመረ። እሷ አልጨመረችም።

ቴፑ አርጅቶ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ግንቦት 9፣ ዓርብ

ቴፑን ሠሪው ጋ ወሰድኩ። ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል፤ ስለ ሥራው ይሁን ስለ ቅጥነቱ አላውቅም። ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረገ፣ የላላውን ቺንጋ ቀየረ፣ ካሴቱን ራሱ ከፍቶ ክሩን በጥጥ አበሰ። ዓይኔን ከጣቱ ላይ አልነቀልኩም።

«አባት፣ ይህን ካሴት ልገልብጠው» አለኝ።

«ለምን?»

«ያን ቀን ስታዲየም የነበረ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚያወራው። እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። የቀዳ ሰው ግን ከእርስዎ በቀር አልሰማሁም። መሃል መሃል ያለውን የሰው ወሬ ጠርጌ፣ ዘፈኑን ብቻ...»

«ወሬ የምትለው ሚስቴን ነው።»

ካሴቱን ዘግቶ መለሰልኝ። ይሻለዋል።

እኔ እኮ ሮክ ምናምን አልወድም። ጎትታ የወሰደችኝ እሷ ናት። ሁለታችንም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበርን። እዚያ ማሽኑ ሲንጫጫ በድምፅ የሚያወራ የለም፤ ከንፈር ነው የምናየው። ከእሷ ጋር የተዋደድነው በከንፈር ነው፣ እሷ ከዚያኛው መስመር እኔ ከዚህኛው። ድምጿን የሰማሁት ቆይቶ፣ የፋብሪካው በር ላይ ነው። ከጠበቅሁት ቀጭን ነበር።

ስታዲየም ግን ዝናቡ ወረደ። ወረደ ስል... ሰማዩ ተቀደደ። የሜዳው መብራት ጠፋ፣ የመድረኩ ብቻ ቀረ። ዘፋኙ አልወርድም አለ፣ ሕዝቡም አልወጣም አለ። ጨለማ ነው፣ ከንፈር አይታይም። ስለዚህ ጆሮዬ ሥር እየመጣች ትጮሃለች። ልቀዳበት የያዝኩት የቴፕ ማይክ ደግሞ ኮሌታዬ ውስጥ ነበር። ካሴቱ ላይ የቀረችው ለዚህ ነው።

ከሞተች ወዲህ ሌላ ቦታ የለችም። ፎቶዋ አለ። ድምጿ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ጭራሽ ጠፋች።

ከበሮ አለ። ጊታር አለ። እኔም አለሁ፤ «ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው» ስል ይሰማል፣ ወፍራም የጎረምሳ ድምፅ። ከዚያ በፊት ያለችው የለም። ከዚያ በኋላ ያለችው የለም። ለማን ነው ዝም በይ የምለው? ለጨለማው?

ቴፑን አጠፋሁት።

ግንቦት 13፣ ማክሰኞ

ልጄ መጣች። ምንም ሳልነግራት ካሴቱን ከፈትኩላት። ፊቷን አያለሁ። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይኸው አባዬ፣ እየሳቀች እኮ ነው።»

ሳቅ? ያለው ከበሮ ብቻ።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን ስለ ልጁ፣ ጊታር ስለሚመታው...»

ይህን እኔው ነኝ ከልጅነቷ ጀምሮ ያወራሁላት። ካሴት አያስፈልጋትም። ሽማግሌ እንዳይከፋው ብላ ዋሸችኝ። አስተዳደጌ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ።

ከዚያ ያቺኑ ነገሯን አመጣች። እኛ ጋ ግባ፣ ሐኪም ይይህ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ። «ከዚህ ቤት የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» አልኳት። ተኮራርፈን ተለያየን።

ማታ አንድ ነገር ሽው አለብኝ። ወይስ መጀመሪያውንም አልነበረችም? ይህን ሁሉ ዘመን ሰማኋት ያልኩት ከራሴ ጭንቅላት ይሆን? እግዚኦ...

ግንቦት 15፣ ሐሙስ

ሽቦ ጋ ሄጄ አፈጠጥኩበት። «ያ አልኮልህ በላት» አልኩት። ካሴቱን ከእጄ ተቀብሎ በራሱ ማሽን ከፈተው። ትንሽ አዳመጠ።

«ድምጿ ይሰማል እኮ፣ አባት።»

«ትዋሻለህ።»

«ምን አገኝ ብዬ ነው የምዋሸው?»

«ጥፋትህን ልትሸፍን።»

ካሴቱን ነጥቄው ወጣሁ። ደሜ ፈልቷል። መንገድ ሳቋርጥ አንድ ሚኒባስ ከየት መጣ ሳልለው ከኋላዬ ደርሶ ጉልበቴ ሥር ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። አፉን አየሁት፤ «ደንቆሮ» ነው ያለኝ። ራሱ ጡሩምባ ሳይነፋ ሰው ይሳደባል።

ቤት እስክደርስ ሰደብኩት።

ግንቦት 16፣ ዓርብ

አልከፈትኩትም። ፈራሁ።

ግንቦት 19፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ጠዋት ጨክኜ ከፈትኩት። ድምፁን መጨረሻ ድረስ አዞርኩት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ቁጭ ብያለሁ። ዘወር ስል ልብስ ሰፊዋ መሃል ቤት ቆማለች። ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ጎረቤታሞች ነን፣ ግን በእጣቢ ውሃ ተጣልተን ከተዘጋጋን ቆይቷል። ቀጥ ብላ ሄዳ ቴፑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ጋሼ፣ በሩን ስቀጠቅጥ እጄ አለቀ።»

«ማን አስገባሽ?»

«የእርስዎ ሚስት። እሷን ብዬ ነው የመጣሁት። በእናትዎ አንድ ቀን ያሳርፉልኝ። ደንበኛ ልብስ ሊለካ መጥቶ ግድግዳውን እያየ ነው የሚሄደው። እኔም መርፌ ላይ ሆኜ ስሰፋ ‹ይሄ ልጅ ኤሌክትሪክ ይዞት ይሞታል እኮ፣ እናት የለውም እንዴ› እያልኩ ነው የምውለው። አበድኩ።»

ቀዘቀዝኩ።

«ሌላስ ምን ትላለች?»

«ይቀልዳሉ?»

«ንገሪኝ።»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ እያሾፈች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «‹ላስቲኩን ወደዚህ ሳበው፤ ለአንተ መሰለህ፣ ለቴፑ ነው የማዝነው።› ደግሞ ‹ጫማዬ ውስጥ ዓሣ ገብቷል›። ደግሞ ያ ሳቋ...»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። የላስቲኩን ነገር ለልጄም አልነገርኩም። የዓሣውንም። ይህች ሴት ደግሞ አዝናልኝ አታውቅም፣ የምትዋሽበት ምክንያት የላትም። ግድግዳ አልፎ ነው የገባላት። አለች ማለት ነው። ካሴቱ ላይ አለች።

ታዲያ እኔ?

«ፊትሽን አዙሪ» አልኳት።

«ምን?»

«ወደ በሩ አዙሪና የፈለግሽውን አውሪ።»

ግራ እየገባት ዞረች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። እያወራች ነው። የሆነ ማጉረምረም፣ ከሩቅ፣ ቃል የለውም።

ስትመለስ ፊቴን አይታ ደነገጠች። የነቀለችውን ሶኬት መልሳ ሰክታልኝ ወጣች። ምንም አላለችም። ወይም ብላ ይሆናል።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስልኩ አልተበላሸም። ሚኒባሱ ነፍቷል። ልጄ አልዋሸችም፣ ሽቦም አልዋሸም። ዕድሜ ልኬን ከንፈር ሳነብ ኖሬ ጆሮዬ ጥሎኝ ሲሄድ አላወቅሁም። ሰውን ሁሉ በዓይኔ ስሰማ ነበር። ካሴት ከንፈር የለውም፣ አጋለጠኝ።

ሌላውን ነገር ሁሉ ችዬ እኖራለሁ። የምፈራው አንድ ነው። ጆሮዬ ሲዘጋ እሷ የት ትገባለች? ካንዴም ሁለቴ ልቀብራት ነው።

ለልጄ ደወልኩ። «ሐኪሙ ይየኝ» አልኳት። የመለሰችውን አልሰማሁም፤ የሚያለቅስ ሰው ግን ትንፋሹ ይታወቃል።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

የጆሮ ሐኪሟ ወጣት ናት። እየሳቀች ጠየቀችኝ፣ እየኮራሁ መለስኩ። ከዚያ አፏን በወረቀት ሸፈነች። ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ከላዩ ዓይኖቿ ብቻ። እያወራችኝ እንደሆነ አውቃለሁ... ልጄ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች።

«አባባ፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው። የሴት ድምፅ፣ የወፍ። ከበሮ መሰሉ ይቆያል። የፋብሪካው ጩኸት ነው የበላው።»

«ይመለሳል?»

«የሄደው አይመለስም። የቀረውን እናግዘዋለን።»

«ምን ያህል ቀርቷል?»

መልሷን ከከንፈሯ ለማየት ፈርቼ ጫማዬን አየሁ።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

የመስሚያውን መሣሪያ ሰጡኝ። ባቄላ ያክላል። ዓለም ሁሉ ጮኸብኝ። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ቤት የፈረሰ ይመስላል። የራሴን ጫማ ሰምቼ ማን ተከተለኝ ብዬ ዞርኩ።

ካሴቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልነካሁትም። መሣሪያውን አድርጌም ካልሰማኋትስ? እስኪሞከር ድረስ ተስፋ አለ። ከተሞከረ በኋላ...

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት። ለምን ለልጄ እንዳልነገርኩ አላውቅም። ምናልባት ስታለቅስ ማየት አልፈለግሁም። ይህችኛዋ አታለቅስም።

«የእጣቢውን ነገር ልንታረቅ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ሌላ ነው። ተቀመጪ። ሚስቴ ስትመጣ ጣትሽን አንሺልኝ።»

ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከፈትኩት። በመጀመሪያ የመጣው ዝናቡ ነው። ላስቲኩ ላይ ሲወርድ። እኔ እኮ ረስቼዋለሁ፣ ካሴቱ ላይ ዝናብ ነበር ለካ። መቼ እንደተወኝ እንኳ አላወቅሁም። ጣቷን አነሳች። ትንፋሼን ያዝኩ።

መጣች።

እንደ ድሮዋ አይደለችም። ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ትመስላለች፣ ግማሹ ይቆራረጣል። ግን እሷ ናት። የጎደለኝን ቃል ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ አቀበለችኝ። ማን እንዳስተማራት እንጃ። እኔ ከንፈሯን አያለሁ፣ ሚስቴ ታወራለች።

ሲያልቅ፣ «ጋሼ፣ ድምፁን ቀንሰው ግን» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐኪሟ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል ብላኛለች። አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። እኔ ሳልሰማት በሰነበትኩበት ጊዜ ሁሉ ግድግዳው ማዶ የሚሰማት ሰው ነበር።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ካሴቱን ይዤ ሽቦ ጋ ሄድኩ። ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ አልለመደብኝም። ጆሮዬ ላይ ያለውን አየ፣ ገባው መሰለኝ፣ በርጩማ ሳበልኝ።

«ገልብጠው» አልኩት። «ለጠየቀህ ሁሉ ስጥ።»

«ወሬውን ላጽዳው?»

«መቁረጥ ካማረህ ዘፈኑን ቁረጥ።»

ጊዜ ይወስዳል፣ ትተውልኝ ይሂዱ አለኝ። ከቤት ወጥቶ አድሮ አያውቅም። ክሩ ቢበጠስስ? ሱቁ ቢቃጠልስ? እጄ አልለቅ አለ። ጣቴን አንድ በአንድ እንደማላቀቅ አድርጌ አስቀመጥኩለት።

ወጥቼ መሄድ አቃተኝ። መስኮቱ ውጭ ቆምኩ። ሽቦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ አጎንብሷል። በመስታወቱ ምንም አይሰማም፣ መሣሪያውም አልረዳኝም። ቆየሁ። በድንገት ብቻውን ሳቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ጫማው ውስጥ የሆነ ነገር የገባ ይመስል እያየ።

የት ጋ እንደደረሰች አወቅሁ።