«ዑስቦ» የተባሉት ብየዳ ሠሪ፦ አቶ የኋላሸት አሥራት (1948–2017 ዓ.ም.)

አጎቴ አቶ የኋላሸት አሥራት ከአባታቸው ከአሥር አለቃ አሥራት ቸሩና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ካሣ በ1948 ዓ.ም. በጅግጅጋ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ድሬዳዋ በመውረድ በምድር ባቡር ጋራዥ ብየዳ ለመዱ። በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ አትጠገብ ወርቁ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፈሩ። ጅግጅጋ ተመልሰውም የዳቦ ቤት ምድጃ በመሥራት ታወቁ። ኩራታቸውን የሚደብቁ ሰው አልነበሩም፤ «የእኔ ብየዳ ከለቀቀ ስሜን ቀይሩት» ይሉ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ይህ ስም ተፈተነ። ለአቶ ሮብሌ ዳቦ ቤት የገጠሙት የናፍጣ ማቃጠያ ቱቦ ኒኬል የበዛበት፣ ኃይለኛ ሙቀት የሚችል ብረት ሆኖ ሳለ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበሳ። አቶ ሮብሌ በገበያው መሀል «የኋላሸት ቆርቆሮ አመጣልኝ» አሉ፤ ደንበኛም መራቅ ጀመረ። አጎቴ በጣም ከፋቸው።

ዳቦ ቤቱ ቁጭ ብለው ሲከታተሉ ሠራተኞቹ ጥቀርሻ ያራግፋል እያሉ በየማለዳው እፍኝ ጨው እሳቱ ላይ ሲበትኑ አዩ። ከአንድ ቱቦ ሁለት ቁራጭ ቆርጠው፣ አንዱን ጨው ነስንሰውበት፣ ሁለቱንም ሳምንት ሙሉ ምድጃው ውስጥ አቆዩ። ጨው ያልነካው ደህና ወጣ፤ ሌላው ተፈረፈረ። ጨው በዚያ ሙቀት እንደ ቅቤ ይቀልጥና ብረቱን የሚጠብቀውን ስስ ቆዳ ይልጠዋል። «ይህን ማን አስተማራችሁ?» ቢሏቸው፣ «እርስዎ ራስዎ» አሏቸው። እውነትም የብረት ቱቦ ገና ባልነበረበት በማገዶና በጡብ ምድጃ ዘመን ያንን ምክር ለየዳቦ ቤቱ ያደሉት እሳቸው ነበሩ።

ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ገበያ ቆመው «ብየዳዬ አልለቀቀም፤ የለቀቀው ምክሬ ነው» አሉ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ አቶ ሮብሌም በሶማሊኛ ጨው ለማለት «ዑስቦ» የሚል ስም አወጡላቸው። ከዚያ በኋላ አፍደምና አዲጋላ ድረስ እየሄዱ የገዛ ምክራቸውን ሲሽሩ ከረሙ።

በ2016 ዓ.ም. በደም ግፊት ሲታመሙ ሐኪም ጨው ከለከላቸው፤ ታመው እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆችን ትተዋል። በጣም ይናፍቁናል። ለዛሬው ለቀስተኛ አቶ ሮብሌ የላኩት ዳቦ የተጋገረው አጎቴ በ2012 ዓ.ም. በገጠሙት ቱቦ ነው፤ እስካሁን አልተበሳም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእሳት ጋር ኖረዋልና እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እሳት በማይደርስበት ያሳርፍልን።

ሶሲና፣ የእህታቸው ልጅ