ስለ ዳኛው እራትና ስለ ስመኝ እገዳ

ደባርቅ፣ ግንቦት 12 ቀን

ለክቡር አቶ ሀብተ ሚካኤል
የደጋ ከተሞች የቅርጫት ኳስ ሊግ የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ፣ በተለይም ዓይንዎና ጆሮዎ፣ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የኮሚቴዎ አባላትም ጉልበታቸው እንዲጸና፣ ማኅተማቸውም ቀለም እንዳያጣ እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ደብዳቤዎ ከደረሰን ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ከደህናም በላይ ነኝ። ሃምሳ አራት ዓመት ስኖር እንደዚህ የሳቅሁበትን ሳምንት አላስታውስም። ባለቤቴ በለጠች ሐኪም ዘንድ ልትወስደኝ ሁለት ጊዜ ነጠላዋን አንስታለች።

ዓለምብርሃን አሻግሬ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ ደባርቅ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። የከተማችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለብ ቀይ ቀበሮ ለተጫዋቾቹ ደሞዝ እየከፈለ መወዳደር ከጀመረ ወዲህ አንድም ጨዋታ አምልጦኝ አያውቅም። ከሜዳው ጠርዝ አራት እርምጃ ርቆ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ደብተር ይዞ የሚቀመጠው ሰው እኔ ነኝ። ደብተሬ ላይ የምጽፈው እያንዳንዱን ፊሽካ ነው፦ ማን ላይ ተነፋ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በየትኛው ዳኛ።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ስመኝ ነው። ስመኝ የቀይ ቀበሮ ተጫዋች፣ የጃናሞራ ልጅ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት፤ ጎንበስ ሳትል በቤቴ በር አትገባም። ለዋንጫው ከዳባቱ ጎህ ክለብ ጋር ሦስት ጨዋታ ተመድቦልን ነበር። የመጀመሪያውን እዚህ ደባርቅ 61 ለ 50 አሸነፍን። ሁለተኛውን ዳባት ላይ 58 ለ 57 ተሸነፍን። ሦስተኛው የፊታችን ቅዳሜ በገለልተኛ ሜዳ፣ ድብ ባሕር ላይ ይደረጋል። በዚያ ቀን የአንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ የሚመጡትም ዋንጫው ማን እጅ እንደሚገባ ለማየት ሳይሆን ስመኝን አይተው፣ ከወደዷት ሊያስፈርሟት ነው። ይህን ዕድል አራት ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። የዝውውሩ ጊዜ ስለሚዘጋም ሌላ ቅዳሜ የላትም። ኮሚቴዎ ደግሞ፣ ምስጋና ይግባውና፣ «ዳኛን በአደባባይ ዘልፋለች» በማለት ከዚህች ከአንዲት ጨዋታ አግዷታል፤ «በሊጉ ምንም ዓይነት የዳኝነት አድልዎ የለም» የሚል ዐረፍተ ነገርም በደብዳቤው መጨረሻ ላይ መርቆልናል።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ እንደ አቤቱታ አይቁጠሩብኝ። ምስጋና ነው። ምስጋናዬ ስለበዛ ብቻ በቁጥር ለይቼዋለሁ።

1. እንደ አቶ ያርጋል ያለ ዓይን ያለው ዳኛ ስለመደባችሁልን አመሰግናለሁ። ዳባት ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀረው፣ 57 ለ 56 እየመራን ሳለን፣ ጉም ወርዶ ሜዳውን ዋጠው። የእኛን አገር ጉም ያውቁታል፤ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ በሚባለው ቦታ፣ ጭላዳ እንኳ ሲያየው ሣር መንጨቱን ትቶ ቁጭ ይላል። እኔ በአራት እርምጃ ርቀት ሆኜ ቅርጫቱ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ኳሷ የት እንዳለች የማውቀው ስትነጥር በምታሰማው ድምፅ ነው። አቶ ያርጋል ግን ከወዲያኛው የሜዳ ጫፍ ሆነው የስመኝ ትንሿ ጣት የተጋጣሚዋን ክንድ ስትነካ አዩ። ፊሽካ ተነፋ። አምስተኛ ፋውሏ ስለሆነ በሕጉ መሠረት ወጣች፤ ሁለቱ የቅጣት ውርወራዎች ገቡ፤ 58 ለ 57 ሆነ። ከጉሙ ውስጥ የዳባት ሴቶች «ውጪ እናትዋ! ብርዱ እንዳይመታሽ ጋቢ እናልብስሽ!» እያሉ እልል አሉ። አልቀየምኳቸውም፤ እኛ ከሳምንት በፊት ከዚህ የባሰ ብለናቸዋል።

ስመኝ አልነካችም አልልም። ያላየሁትን አልመሰክርም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዲህ ያለ ዓይን በቅርጫት ኳስ መባከን የለበትም። እዚህ ላይ ተራራው ውስጥ ቀይ ቀበሮ ለመቁጠር በመነጽር የሚደክሙ ሰዎች አሉ። አቶ ያርጋል ከደባርቅ አስፋልት ላይ ቆመው ሊቆጥሩላቸው ይችሉ ነበር።

2. ለዳኞቻችሁ ማደሪያም ምግብም ባለማዘጋጀታችሁ አመሰግናለሁ። በዚህ ምክንያት የባለሜዳው ክለብ ደጋፊዎች እንግዳውን ዳኛ በተራ ወደ ቤታችን እንወስዳለን። ይህ ጉቦ አይደለም፤ ጉቦ ነው የሚል ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላል። እንግዳ ነው፣ ከመንገድ የመጣ ነው። ውሃ ይሞቅለታል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ በቃኝ ሲል «በሞቴ» ይባላል፣ የተሻለው መኝታ ይነጠፍለታል። በማግሥቱ ይኸው ሰው ካበሉት ሰዎች ፊት ፊሽካ አንጠልጥሎ ይቆማል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ የሰው እንጀራ በልቶ ሲነጋ በዚያው ሰው ቡድን ላይ ፊሽካ መንፋት ነውር ነው። አቶ ያርጋል ደግሞ ጨዋ ሰው ናቸው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ከጨዋነታቸው ነው።

3. ሳታስቡት ለሳይንስ ላበረከታችሁት ነገር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ያርጋል ዘንድሮ የዳኟቸው አሥራ አራት ጨዋታዎች ደብተሬ ላይ አሉ። ቀይ ቀበሮ ያልተጫወተባቸውንም በአውቶቡስ እየሄድኩ አይቻቸዋለሁ፤ በለጠች የሐኪሙን ነገር ያነሳችው ያኔም ነበር።

በስድስቱ ጨዋታዎች ዋዜማ ዳኛው በፍስክ ቀን በሰው ቤት ተስተናግደዋል። በእነዚህ ላይ እንግዳው ቡድን በአማካይ 24 ፋውል ሲነፋበት፣ ባለሜዳው 13 ብቻ ተነፍቶበታል፤ ስድስቱንም ባለሜዳው አሸንፏል። አምስቱ ጨዋታዎች በሁዳዴ የተደረጉ ናቸው፤ ማዕዱ ሽሮና ምስር ነበር። ፋውሉ 19 ለ 15 ሆነ፤ ባለሜዳውም ከአምስቱ አራቱን አሸነፈ። ልዩነቱ ከአሥራ አንድ ወደ አራት ወረደ ማለት ነው። ሽሮ አድልዎን ከግማሽ በታች እንደሚያወርድ ከእኔ በፊት ያረጋገጠ ሰው መኖሩን አላውቅም፤ ግኝቱን ለኮሚቴው በነጻ አበርክቻለሁ።

የቀሩት ሦስቱ ከሁሉም ይጣፍጣሉ። በሦስቱም አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ አቶ ያርጋል ማንም ቤት ሳይገቡ፣ ኪሳቸው ውስጥ የያዟትን ቆሎ እየቆረጠሙ ከመናኸሪያ በቀጥታ ሜዳ ደረሱ። በእንግዳውና በባለሜዳው ላይ የተነፋው ፋውል 17 ለ 16፣ 18 ለ 18፣ 15 ለ 17 ነበር። ባለሜዳው ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። ባለሜዳ በራሱ ሕዝብ ፊት ይበረታል፣ እንግዳውን መንገድ ያደክመዋል ይሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ነገር ግን በእነዚህ በሦስቱም ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው። የጎደለው እራቱ ብቻ ነው። አሥራ አራት ጨዋታ ጥቂት መሆኑንም አልክድም፤ ተማሪዬ ይህን ያህል ብቻ ይዞ ቢመጣ «ሂድና ጨምር» ብዬ እመልሰው ነበር። ኮሚቴው ግን አንድም ጨዋታ ሳይቆጥር አድልዎ የለም ብሎ ስለጻፈ፣ በአሥራ አራት እበልጠዋለሁ።

4. አሁን ወደ ዘለፋው ልምጣ። ከዳባቱ ጨዋታ በፊት በነበረው ምሽት ለአቶ ያርጋል የጃናሞራ በግ ታርዶ ነበር። ይህን ከሰላይ አልሰማሁም፤ የዳባት ሰዎች ራሳቸው በኩራት ነግረውናል፤ እንዲህ ያለ በግ አርዶ ዝም የሚል ሰው የለም። ስመኝ አምስተኛው ፋውል ተነፍቶባት ስትወጣ በዳኛው አጠገብ አለፈች፤ ቆም አለች፤ እጅ ነሣችና «ጋሼ ያርጋል፣ በጉ ጣፈጠዎት ወይ?» አለቻቸው። ድምፅዋን አላነሣችም፤ አንቱ ማለትም አልረሳችም። ሕዝቡ ሳቀ፤ የዳባቱም ጭምር። አቶ ያርጋል ፊሽካቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። አሰልጣኛችን ሙሌ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ ዓለምብርሃን፣ ደብተሩን ይዝጉትና ይጸልዩ» አለኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ጻፍኩት።

ኮሚቴዎ ዘለፋ ያለው ይህንን ጥያቄ ነው። በተማርኩት ትምህርት ግን ጥያቄ የሚመዘነው መልስ ሊገኝለት በመቻሉ ነው። ለዚህኛው በተራ ቁጥር 3 መልስ ተገኝቶለታል፦ ጣፍጧቸዋል።

5. ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ወስዶብኛል፤ ሳቁም እዚህ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይቀንሳል።

በመጀመሪያው ጨዋታ ዋዜማ፣ እዚሁ ደባርቅ፣ ተረኛው አስተናጋጅ እኔ ነበርኩ። አቶ ያርጋል ያደሩት በቤቴ ነው። በለጠች ዶሮ ሠራች። በሠላሳ ዓመት ትዳር ከእኔ ሳህን ወጥቶ የማያውቀው ፈረሰኛ በዚያ ምሽት ዓይኔ እያየ ወደ አቶ ያርጋል ሄደ፤ ደስ እያለኝ ሸኘሁት። በለጠች ሦስተኛውን ጉርሻ እያጎረሰቻቸው «ጋሼ ያርጋል፣ ዶሮው ጣፈጠዎት?» አለች። እሳቸውም አፋቸው ሙሉ እንደሆነ «ምን ጥያቄ አለው፣ እትዬ በለጠች! እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም!» አሉ። በማግሥቱ በዳባት ላይ 23 ፋውል፣ በእኛ ላይ 12 ተነፋ፤ በአሥራ አንድ ነጥብ አሸነፍን። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ደብተሬም ኅዳግ ላይ «ጥሩ ዳኝነት» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ እስካሁን እዚያው አለ። የቆጠርኩትን የምሰርዝ ሰው ስላልሆንኩ ያጨበጨብኩትንም አልሰርዝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠየቀ። ባለቤቴን አመሰገናት፤ ስመኝን አሳገዳት። ጥያቄው ዘለፋ ከሆነ በሊጉ ታሪክ አስቀድማ ዳኛ የዘለፈችው በለጠች ናት፤ በቤቱ ያስዘለፈውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ኮሚቴው እገዳውን ከስመኝ ላይ አንሥቶ ወደ ባለቤቶቹ እንዲመልስልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። በለጠች ወትሮም ጨዋታ አትወድም፤ የእሷን ድርሻ እኔ እደርባለሁ። ቅዳሜ ድብ ባሕር አልሄድም። ክለቡ ከተመሠረተ ጀምሮ ያላመለጠኝን ነገር፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ጨዋታ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ አሳልፈዋለሁ፤ ደብተሬንም ለሙሌ እሰጠዋለሁ፤ ፊሽካ መቁጠር ለአሰልጣኝም ይጠቅማል። ያ በአሥራ አንድ ነጥብ ያገኘነው ድል እንደገና ይታይ ካላችሁም አንከራከርም። እሷ ግን ትጫወት። ዶሮውንም በጉንም አልበላችም፤ የጠየቀችው ብቻ ነው፤ የጠየቀችውም በትክክል የሚጠየቀውን ነው።

እገዳው መነሣቱ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልተነገረ ሙሌ ስሟን ማስመዝገብ አይችልም። አሰልጣኙም ከአዲስ አበባ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ባዶ ወንበር ለማየት ይሆናል። ለዳኛውም ከኮሚቴው በኩል ስንቅ ይታሰርላቸው ዘንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቆሎ በቂ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሠርቷል።

ረጅም ዕድሜ፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ እንዲሁም ጉም የማይከልለው ፍርድ እየተመኘሁላችሁ፣ ደብዳቤዬን አንብቦ ለመጨረስ ስለሚያጠፉት ጊዜ ከወዲሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሳያነቡ ቢያኖሩትም ከልማድ እንዳልወጡ ተረድቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ዓለምብርሃን አሻግሬ
የሒሳብ መምህር፣ የቀይ ቀበሮ ደጋፊ፣ የአቶ ያርጋል የአንድ ሌሊት አስተናጋጅ

ግልባጭ፦
ለዳባቱ ጎህ ክለብ (ከነወንድማዊ ሰላምታው)
ለስመኝ

በድጋሚ የታከለ፦ በለጠች ለአቶ ያርጋል ሰላምታ ትልካለች። ዶሮዋ አሥራ አንድ ነጥብ፣ የዳባት በግ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ማስገኘቱን ከደብተሬ አይታ በጣም ደስ ብሏታል። አንድ ነገር ብቻ ከብዷት ሰንብቷል፤ ሰውየው ላበላቸው ሰው የሚያዳሉ ከሆነ ያን ዕለት የዶሮውን ጣዕም የፈረዱት በእውነት ነው ወይስ በእንግድነት? ኮሚቴው ይህንንም እንዲያጣራላት ትለምናለች። እኔ በበኩሌ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ ቅዳሜ የሚዳኙት ሰው ዓርብ ማታ ድብ ባሕር ላይ ማን ቤት እንደሚያድሩ እባክዎ በምሥጢር ይያዙልን። ውጤቱን ከዋዜማው ማወቅ የሕዝቡን ደስታ ያበላሻል።